ምን ላይ ደረስህ?

ስለ ተማሪ ቤት ሥርዓትና ስለ ልጆች ዕድሜ፥ በጀውሃ ደብር የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሥርዓት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣው አምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ ባሪያው አርነት ይወጣ ነበር፤ በችግር ምክንያት ርስቱን የለቀቀ ሰውም ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ደብር ከዝማሬውና ከማዕዱ ጋራ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ከእጅ የወጣ፥ አሁንም ወደ ባለቤቱ ሊመለስ የሚገባው ርስት የቱ ነው ብሎ ነው። ዛሬ የሚነገርለት ርስት የእርሻ መሬት አይደለም፤ የልጆች ትምህርት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ የቆመው የአብነት ተማሪ ቤት ከጥንት የወረሰው አንድ ልማድ አለው። እንግዳ ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ጉባኤው በመጣ ጊዜ፥ የኔታ አስቀድመው የሚጠይቁት ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ አይደለም፤ የአባቱ ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነም አይደለም። «ልጄ፥ ምን ላይ ደረስህ?» ይሉታል። እርሱም «ከዳዊት ስድስተኛውን ንጉሥ ፈጽሜአለሁ» ብሎ ቢመልስ፥ አስነብበው ይሰሙታል። ቃሉ እውነት ሆኖ ቢገኝ ከሰባተኛው ንጉሥ ያስጀምሩታል፤ ንባቡ ተሰብሮ ቢያገኙት ግን ወደ ኋላ መልሰው ያጸኑታል። የዐሥር ዓመት ልጅ ከዐሥራ አምስት ዓመቱ ቀድሞ ቢቀመጥ አይደነቅም፤ ታላቁም ከታናሹ በኋላ ቢቀመጥ አያፍርም። የመቀመጫው ልክ የተማሪው ዕውቀት ነውና።

ይህን የሰማ ሰው፥ የአብነት ተማሪ ቤት ዕድሜን ከቶ አይመለከትም ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ ዕድሜ በመግቢያው በር ባይጠየቅም በትምህርቱ ተራ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛልና። ሐዋርያው ጳውሎስ ወተት ለሕፃን፥ ጽኑ ምግብ ለጐለመሰ ሰው እንዲገባ አስተምሯል። ሊቃውንትም ይህን ይዘው ዓይንና አንደበት የሚሠሩትን ለሕፃን፥ ጆሮ የሚሠራውን ለልጅ፥ ልብ የሚፈጥረውን ለጐበዝ፥ ማስተዋል የሚመረምረውን ለሙሉ ሰው አከታትለው አዘጋጁ። ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጻሕፍት ቤት የሚባሉት አራቱ እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው፥ በብዙ ስፍራም ስድስትና ሰባት ሲሞላው፥ ወደ የኔታ ይወሰዳል። በፊቱም የፊደል ገበታ ይዘረጋለታል። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ። የኔታ፥ ወይም አንድ ታላቅ ተማሪ፥ በስንጥር እያመለከተ ይጠራለታል፤ ሕፃኑም እየተቀበለ ይጠራል። ነገር ግን የሕፃን አንደበት ከዓይኑ ይፈጥናል፤ ፊደሉን ሳያይ በዜማው ብቻ ሊሸመድደው ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት ብልሃት አደረጉ። ልጁ ሀሁን ከዘለቀ በኋላ ተራውን አፋልሰው በአቡጊዳ ያስጠኑታል። በዚያ ተራ ፊደሉም ድምፁም በየርምጃው ይለዋወጣልና፥ በቃል ብቻ የያዘው ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ በዓይኑ የለየው ግን ያልፋል። ይህ ፈተና ወረቀት የለውም፤ ቀጠሮም የለውም፤ ሕፃኑንም አያስደነግጠውም። ሆኖም ማንንም በሐሰት አያሳልፍም።

ከዚህ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይቀርብለታል። በዚህም ጊዜ አንዱን ምንባብ አራት ጊዜ ይመላለስበታል፤ አስቀድሞ በቍጥር፥ ፊደሉን አንድ አንድ እያለ፤ ቀጥሎ በግዕዝ፥ ቃሉን እየጐተተ፤ ከዚያም በውርድ ንባብ፤ በመጨረሻም በቁም ንባብ፥ የሚጣለውን ጥሎ የሚነሣውን አንሥቶ ያነባል። ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ወደ ዳዊት ሲደርስ 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነውና፥ ልጁ በየጊዜው ምን ያህል እንደ ሄደና ምን ያህል እንደ ቀረው ራሱ ያውቃል። ቀን በመጽሐፍ ሲማር ይውላል፤ ሲመሽም፥ መጽሐፍ ለማየት ብርሃን በሌለበት ሰዓት፥ ውዳሴ ማርያምንና የዘወትር ጸሎትን በቃሉ ይቀበላል። እንዲህ አድርገው ቀኑን ለዓይን፥ ማታውን ለጆሮ ሰጡት። ዳዊት የፈጸመ ልጅ በተገኘ ጊዜ ቤተ ሰቡ እንደ ችሎታው ድግስ ይደግሳል፤ ለየኔታም ምስጋና ያቀርባል።

ሁለተኛው ዜማ ቤት ነው። ልጅ ድምፁ ገና ሳይጐረንን፥ ጆሮውም የሰማውን እንደ ሰም ሲቀበል፥ ዜማ ይጀምራል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰውን ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ ይለያል። ይዘትን፥ ደረትን፥ ርክርክን፥ ድፋትን፥ ቅናትንና ሌሎቹንም ምልክቶች ከፊደሉ በላይ እያየ ድምፁን ያነሣል፥ ያወርዳል። ጾመ ድጓን፥ ምዕራፍን፥ ድጓን ይዘልቃል። ቅዳሴ የሚማረውም 14ቱን ቅዳሴያት ያጠናል። ዲቁና ተቀብሎ ገና በልጅነቱ በመቅደስ ያገለግላልና፥ የተማረው ነገር ለምን እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። ዛሬ ያጠናው ነገ በቅዳሴው ይነገራል። ልጅን ከመማር የሚያደክመው የትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙ ሩቅ መሆኑም ነው። ዜማ ቤት ግን ጥቅሙን አቀረበለት።

ሦስተኛው ቅኔ ቤት ነው። ወደዚህ የሚገባው ልብ መጠየቅ የጀመረበት ጐበዝ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የተነገረውን ብቻ ሲመልስ መኖር ይሰለቸዋል፤ የራሱን ቃል ሊናገር ይወዳል። ሊቃውንትም ይህን ጠባይ እንደ በደል አልቈጠሩትም፤ ሥራ ሰጡት እንጂ። አስቀድመው ከቀተለና ከቀደሰ ጀምረው ግሱን ያስገሥሡታል፤ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ያሳዩታል። ቀጥለውም በ2 ቤት በምትፈጸመው በጉባኤ ቃና ያስጀምሩታል። እርሷን ሲችል ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየን፥ ባለ 5 ቤቱን ዋዜማን፥ ባለ 6 ቤቱን ሥላሴን አልፎ ባለ 8 ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ቀን በዛፍ ጥላ ወይም በወንዝ ዳር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ያቀናለታል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይነገርም። ከዜማ ቤት ትእዛዝ ጋራ ቢያነጻጽሩት እንዴት የተለየ ነው! ዜማ ቤት ከአባቶች የተቀበልኸውን አንዲት ድምፅ አትለውጥ ይላል፤ ቅኔ ቤት ግን ሰው የተናገረውን አትድገም ይላል። ሁለቱም ትእዛዛት ልክ ናቸው፤ እያንዳንዱ በየዕድሜው ነውና። አስቀድሞ ያልተቀበለ ሰው ኋላ የሚሰጠው የለውም።

አራተኛው መጻሕፍት ቤት ነው። ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንት፥ መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ የሚነገረው የትርጓሜ ትምህርት ለሙሉ ሰው የተጠበቀ ነው። ንባቡ ይነበባል፤ ትርጓሜው ይከተላል፤ ከዚያም «አንድም» እየተባለ ሌላው ፍቺ ይጨመራል። ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ሰምቶ ሳይናወጥ መመዘን የሕፃን ሥራ አይደለም። ለሕፃን አንዱን ቃል አጽንቶ መስጠት ይገባል፤ ላደገ ሰው ግን ብዙውን ዘርግቶ ማሳየት ይገባል። ይህን ተራ የገለበጠ ተማሪ ቤት ሕፃኑን ያስታል፥ ሽማግሌውንም ያሰለቻል።

በእነዚህ ቤቶች ሁሉ የማይለይ አንድ ሥርዓት ደግሞ አለ፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ያስጠናል፤ በቅኔ ቤትም የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ቅኔ ያርማል። ይህ የመምህሩን ድካም ለማቅለል ብቻ አይደለም። ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ተማረ ማለት ነውና፥ ትምህርቱ የሚጸናው ለሌላ ሲያቀብለው ነው።

የውጭ አገር ሰዎችም በየጊዜው ወደዚህ አሳብ ደርሰዋል። ከ1592 እስከ 1670 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖረው፥ የሞራቪያ ሰው ኮሜኒየስ፥ በወገኖቹ ዘንድ ጳጳስ የነበረ፥ የሰውን የትምህርት ዘመን 24 ዓመት አድርጎ በአራት ስድስት ዓመት ከፍሎት ነበር። የመጀመሪያውን ለእናት ጕያ፥ ሁለተኛውን ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት፥ ሦስተኛውን ለላቲን ትምህርት ቤት፥ አራተኛውን ለከፍተኛው ትምህርት ሰጠው። ሕፃን በስሜቱ፥ ልጅ በትዝታው፥ ጐበዝ በምርምሩ እንዲማር አዘዘ። በ18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜም ቤል የተባለ ሰው በህንድ አገር በማድራስ፥ ላንካስተር የተባለውም በለንደን፥ ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስተምርበትን ሥርዓት አቁመው በዓለም ሁሉ ስማቸው ተጠራ። በዚህ አገር ግን የኔታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ይህ የሚነገረው ለመመካት አይደለም። በየአገሩ ስለ ልጅ በእውነት ያሰቡ ሰዎች ወደ አንድ መንገድ እንደሚደርሱ ለማሳየት ነው እንጂ። በይፋት ቈላ በጉርብትና የሚኖሩት የእስልምና ወገኖች ልጆችም በቁርኣን ቤት በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈላቸውን ይማራሉ፤ ልጁ ትምህርቱን ሲያደርስ ሉሑ ታጥቦ የሚቀጥለው ይጻፍለታል። ሉሑም እንደ የኔታ «ምን ላይ ደረስህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ዘገየ ልጅስ ምን ይባላል ቢሉ፥ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ገድሉ እንደሚናገረው፥ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ ሸሸ። በመንገድም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ተጽናንቶም ተመለሰ። የዚህ ታሪክ ምሥጢር በሁለት ወገን ነው። አንደኛው ለተማሪ ነው፤ ትዕግሥትን ያስተምራል። ሁለተኛው ግን ለመምህር ነው፤ በስድስተኛው ውድቀት ላይ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ ያሰናበተ ተማሪ ቤት ያሬድን ያጣ ነበርና።

አሁን ደግሞ የመንግሥትን ትምህርት ቤት መመልከት ይገባል። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ፥ ዘመናዊው ትምህርት ለአገር የሰጠው ጥቅም ተቈጥሮ አያልቅም። ሒሳቡ፥ ሕክምናው፥ የመሬትና የሰማይ ምርምሩ፥ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ በአንድ ወንበር መቀመጣቸው፥ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይህም ትምህርት ቤት ልጆችን በዕድሜ ይመድባል። ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው 1ኛ ክፍል ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃውን 8 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ 6 ዓመት፥ ቀጥሎም 2 ዓመት፥ ቀጥሎም 4 ዓመት አደረገው፤ ከ1ኛ ክፍል በፊትም የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት ሠራለት። ልጅ ከእኩዮቹ ጋራ ማደጉ መልካም ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም።

ነገር ግን ዓመት ልጁን ወደ ፊት ሲገፋው ዕውቀቱ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በ2002 ዓ.ም. በአያሌ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። ከዓመታት በኋላም፥ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፥ ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። አገር ሁሉ ደነገጠ። ነገር ግን ያ ልጅ የወደቀው በ12ኛ ክፍል ብቻ ነውን? አይደለም። ብዙው የወደቀው ፊደል ሳይለይ ወደሚቀጥለው ክፍል ባለፈበት ቀን ነው። በዚያን ቀን «ምን ላይ ደረስህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዐሥር ዓመት በኋላ የጠየቀው ፈተናው ነው፤ ፈተና ደግሞ ይፈርዳል እንጂ ወደ ኋላ መልሶ አያጸናም።

እውነትን መናገር ከተፈለገ የአብነት ተማሪ ቤትም ነውር አልጠፋበትም። አርጩሜው በዝቶ ስንቱ ልጅ ከትምህርት ሸሸ! የሸሸውንም በእግር ብረት ያሰሩበት ዘመን ነበር። ተማሪ በየደጁ ቍራሽ ሲለምን ውሻ የነከሰው፥ ብርድና ረኃብ የጐዳው ብዙ ነው። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር እየደገመ የአንዱን ቃል ፍቺ ሳያውቅ ያረጀም አለ፤ ግዕዙ የሚፈታለት ቅኔ ቤት ሲደርስ ነውና፥ ከዚያ በፊት የቀረው ሰው የማያውቀውን ሲያነብ ኖረ። ከሁሉም የሚበልጠው ጕድለት ግን ሴት ልጅን ከጉባኤው ማራቅ ነው። በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔን ከአባታቸው ተምረው መምህር የሆኑት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፥ በሩ ቢከፈት ምን ይገኝ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። የአባቶችን ልጅ የመመዘን ሥርዓት መያዝ ይገባል፤ አርጩሜውን ግን መጣል ይገባል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ጀውሃ ይምጣ። ይህች አገር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን፥ ወደ አጣዬ በሚያልፈው ወገን ያለች ቈላ ናት። የደጋው ተማሪ ቤት ሥርዓት እንዳለ ቢተከልባት አይበቅልም። በቀትር ጊዜ ሙቀቱ ሕፃን በፊደል ገበታ ፊት አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ለትምህርት የሚመች ሰዓት ማለዳውና ምሽቱ ነው። ዳግመኛም ማሽላው እሸት ሲይዝ፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ የግሪሳ ወፍ ይወርዳል። ያን ጊዜ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ከማማ ላይ ይውላል። አባቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያ ማሽላ የዓመቱ እንጀራ ስለ ሆነ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚሁ ወራት ነው፤ እንዲህም ሆኖ ልጁ ዓመቱን ከመጀመሪያው ጕድሎ ይጀምረዋል።

ከዚህም በላይ መከራ መጣ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ በሆነው ጥፋት፥ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ከቤቱ ተሰደደ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። ልጆች በተመለሱ ጊዜ ግን ዕድሜያቸው አልተቋረጠም ነበር። 8 ዓመት ሆኖት የተሰደደው ልጅ 9 ዓመት ሆኖት ተመለሰ፤ ንባቡ ግን በተሰደደበት ቀን ላይ ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ በዕድሜው ብቻ ቢቀበሉት ሁለተኛ ይሰደዳል፤ በመጀመሪያው ከቤቱ፥ በሁለተኛው ከክፍሉ መካከል ሳይወጣ ከትምህርቱ ይሰደዳል። የየኔታ ጥያቄ ለእንዲህ ያለው ልጅ ምሕረት ነው። ለምን ዘገየህ አይለውም፤ የት ጠፋህ ብሎም አያሳፍረውም። ምን ላይ ደረስህ ይለዋል፤ ከዚያውም ያስጀምረዋል።

ስለዚህ ይህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር በዐጸዱ የአብነት ተማሪ ቤቱን በዕድሜ ልክ ሊያደራጀው ይቻለዋል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉት ሕፃናት በማለዳ ለአጭር ሰዓት ፊደልና የቃል ጸሎት ይማሩ፤ ጨዋታና ዝማሬም ይጨመርላቸው፤ ፊደልን በአቡጊዳ ሳይለዩ ግን ወደ ንባብ አይለፉ። ከ7 እስከ 12 ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸውና፥ በምሽትና በቅዳሜ ንባብና ዳዊት ይማሩ። ከዳዊቱም ጋራ ፍቺው በአማርኛ ይነገራቸው፤ ግዕዙ ድምፅ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ንባብ የጸናለት ልጅ በቀኑ ትምህርት ቤትም እንደሚቀናው የታወቀ ነው። ከ13 እስከ 18 ያሉት እንደ ስጦታቸው ይከፈሉ፤ ድምፅ ያለው ወደ ዜማ፥ ልቡ የሚጠይቅ ወደ ግስና ወደ ቅኔ ይሂድ። በእነዚህም ሁሉ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋራ በአንድነት ትቀመጥ። በወፍ ጥበቃው ወራት ጉባኤው በማታ ይሁን፤ ከማማ ላይ የዋለው ልጅም ቀኑ እንዳይጠፋበት፥ በቃሉ የሚደግመው ጥቂት ነገር ተሰጥቶት ይሂድ።

ያደጉትም ሊረሱ አይገባም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ በየመንደሩ እናቶችና ሽማግሌዎች ሀሁ ብለው ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ጀምረው የተዉ፥ ከዚያም ወዲህ ያልጀመሩ፥ ዛሬም ቅዳሴውን ሰምተው መጽሐፉን ማየት የሚናፍቁ ብዙዎች ናቸው። ስድሳ ዓመት የሞላት እናት ወደ ተማሪ ቤት ብትመጣ የሚጠብቃት ጥያቄ ያው ነው፤ ስንት ዓመትሽ ነው አይደለም፥ ምን ላይ ደረስሽ ነው። ፊደል ላይ ነኝ ብትል ከፊደል ትጀምር። ለእርሷና ለባሏ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የዕለቱ ወንጌል እየተነበበ ይተርጐምላቸው። እናት ማንበብ በጀመረችበት ቤት ልጅ መጽሐፍ ሲጥል አይታይም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የመምህሩ እንጀራ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም ካህኑንና ምእመኑን በአንድ ሥራ አስተባብሯል። የኔታ ደመወዝ ሳይኖራቸው፥ ጎጆአቸው እያፈሰሰ፥ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ጉባኤውን ቢፈቱ፥ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ማሽላውና ጤፉ በተወቃ ጊዜ ከየዐውድማው ጥቂት ጥቂት ቢወጣ፥ ማሾውን የሸጠም ከዋጋው ጥቂት ቢጨምር፥ መምህር አይቸገርም፤ ተማሪም ቍራሽ አይለምንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ሕንፃ ለመሥራት ገንዘብ ያዋጣ ሕዝብ ሕንፃውን የሚሞላውን ሰው ለመሥራት አይሳነውም። ካህን በሌለበት ደወል፥ አንባቢ በሌለበት መጽሐፍ፥ ተቀባይ በሌለበት ዜማ ምን ይረባል?

አባቶች ሆይ፥ ምእመናን ሆይ! የዛሬው በዓል ሲፈጸም ድንኳኑ ይፈርሳል፤ እንግዳውም ወደ አገሩ ይመለሳል። በማግሥቱ ማለዳ ግን አንድ ሕፃን በደጀ ሰላሙ በኩል ሊመጣ ይችላል። እግሩ አቧራ ለብሷል፤ እጁም ወንጭፍ ይዟል። ከትምህርቱ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ጐድሎታል። በዚያን ጊዜ ከዛፉ ሥር የሚጠብቀው መምህር ቢኖር፥ «ልጄ፥ ምን ላይ ደረስህ?» ቢለው፥ የመለሰለትንም ሰምቶ ከዚያው ቢያስጀምረው፥ ርስት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ኢዮቤልዩም በእውነት ተከበረ።

ልጆችን በጥበብና በሞገስ ያሳድግ፤ ለመምህራን ትዕግሥትን፥ ለወላጆች ሰላምን፥ ለአገሪቱም ዕረፍትን ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።